ያልተወሰዱት ልብሶች

ትናንት ከመርሳ ተመልሼ መናኸሪያው በር ላይ የተሳፈርኩበት የባጃጅ ሹፌር ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። ወሬ የሚወድ ሰው እኔም አልጠላም። ፌስታሌን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የሚያመኝን ጉልበቴን እያሻሸሁ ዝም ብዬ ስሰማው፣ ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ከተማ እንደ አዲስ ያስጎበኘኝ ጀመር። ያ ስታዲየሙ ነው፣ ወዲያ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ባቡሩም ሐራ ድረስ ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ አንድ ቀን ጡሩምባውን እንሰማው ይሆናል አለኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። "የመርሳ ሰው ነኝ" አልኩት። ወልድያ ወልጄ፣ ወልድያ ባል ቀብሬ፣ ዛሬም ለሚጠይቀኝ ሁሉ የመርሳ ሰው ነኝ እላለሁ፤ እልክ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሰውየው በመስታወቱ አየኝና ፈገግ አለ። "እንኳን ደህና መጡ እማማ። አብሽሩ፣ ወልድያ ላይ እንግዳ ተርቦ አያድርም።" ፌስታሌ ውስጥ ያለው ዘይቱን በሙቀቱ ሽታው ወጥቶ ባጃጁን ሞልቶት ነበር። ያ ሽታና ያ ንግግር አንድ ላይ ሲገጥሙብኝ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ። የተቀየምኩት መስሎት ወሬውን ትቶ እስከ ቤቴ አደረሰኝ።

ያቺን ንግግር መጀመሪያ የሰማሁት ከባሌ ከይመር አፍ ነው። ይመር ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ጎንደር በር ላይ፣ የአስመራ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር ያላት አንዲት ክፍል ነበረች። አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት "ጥላ በሌለበት አገር ልጄ ምን ልትሆን ነው?" ብሎ አዘነ። የመርሳ ሰው በጥላውና በውሃው ይኮራል። ሴቶቻችን ብርቱካኑን፣ ሙዙን፣ ዘይቱኑን በሳህን ደርድረው አውቶቡስ መስኮት ስር ሲሰለፉ፣ የአዲስ አበባ መንገደኛ አንገቱን አስግጎ የሚገዛው ፍሬውን ብቻ አልነበረም፤ ጥላችንን ጭምር ይዞ ሊሄድ የሚፈልግ ነበር የሚመስለው። ወልድያ ደግሞ በተራራ ተከባ ተቀምጣ፣ መንገድ ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው ብላ ትኮራለች። "የመርሳ ሰው ዛፍ ስር ተኝቶ ፍሬ እስኪወድቅለት ይጠብቃል" ይለኛል ይመር። "የወልድያ ሰውም በረንዳ ላይ ተቀምጦ አውቶቡስ እስኪመጣለት" እለዋለሁ። የመርሳን ብርቱካን ልጦ እየበላ፣ ጭማቂው በአገጩ እየወረደ፣ ጣፋጭ ነው ማለትን ግን በጭራሽ አላለም። "አይከፋም፤ የወልድያን ውሃ ቢጠጣ ኖሮ ይሻለው ነበር" ብሎ ሌላውን ያነሳል። እንዲህ ስንነታረክ ነው ትዳራችን የሞቀው።

የዚያን ጊዜዋን ወልድያ ዛሬ ለልጆቼ ብነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ሻይ በአስር ሳንቲም ነበር፤ በስሙኒ ብርቱካን ገዝቶ ቤተሰብ ይበላ ነበር። ቴትሮን የሚባለው ጨርቅ ከአስመራ በትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪና ሹፌሮች እጅ ይመጣል፤ ጎረምሳው ሁሉ ከታች የሰፋ ሱሪ ካልተሰፋልኝ ብሎ ይመርን ያስጨንቀዋል። ይመር አፉ ውስጥ መርፌ ደርድሮ፣ አምባሰል እያንጎራጎረ፣ እንዴት መርፌውን እንደማይውጠው እስካሁን አይገባኝም። በገበያ ቀን ያልተተኮሰ ልብስ ለብሶ አዳጎ ገበያ መውጣት ነውር ነበር። ከሐብሩ፣ ከመርሳ ዙሪያ፣ የሚመጣው ገበሬ እንኳ ጥቁር ውሃ ወንዝ ላይ ሲደርስ አቧራውን ያራግፋል፣ እግሩን ይታጠባል፣ በትከሻው ጠቅልሎ ያመጣውን ንጹሕ ሸማ ይለብስና ነው ከተማ የሚገባው። እስላሙ ነጭ ጀለቢያውን፣ ክርስቲያኑ ጋቢውን አድርጎ ሲደባለቅ ዳገቱ ሁሉ ነጭ ይሆናል። የከሰል ካውያ ሽታ፣ የአዲስ አቡጀዲ ሽታ፣ ከጠጅ ቤቱ የሚመጣው የማሲንቆ ድምፅ፤ እኔ ከተማ የማውቀው በዚህ ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው ከቻይና የመጣ የተሰፋ ልብስ ይለብሳል፤ ሱቋ ያለችበት ቦታም የሞባይል መሸጫ ሆኗል።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበር። አውቶቡስ ተበላሽቶ መንገደኛ ከተማው ውስጥ ሊያድር ከሆነ የጎንደር በር ሰው ይወጣና ይካፈለዋል። "ሦስቱን እኔ፣ አራቱን አንተ" ይባባላሉ፤ ሽማግሌውን ለመውሰድ የሚጣሉም ነበሩ። ወልድያ ላይ እንግዳ ተርቦ አያድርም የሚለው ኩራት የመጣው ከዚህ ነው። እንግዳውም የራሱ ወግ ነበረው። ጠገባችሁ ሲባል ጠግበናል ይላል፤ አልጠገብኩም የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ ያበላውን ቤት ማሳፈር ነዋ። ባለቤቱ ግን አፉን አይሰማውም። ፊቱን ያየዋል። እጁ እንጀራው ላይ እንዴት እንደሚዘገይ፣ ዓይኑ ወጥ ላይ እንዴት እንደሚመለስ ያያል፣ "በሞቴ" ብሎ ይጨምርለታል። የተራበ ሰው እርቦኛል ሳይል፣ ያበላውም ተርበሃል ሳይለው ይጠግባል። እኔ በዓለም ላይ ሁሉም ሰው እንደዚህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

ዘይነብን ከዚህ ወግ ውጪ ማሰብ አልችልም። ዘይነብ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። አባቷና አባቴ ከመርሳ ወጣ ብላ ባለችው ግራና በምትባል መንደር መሬታቸው ኩታ ገጠም ነበር፤ አንድ ቀን የእነሱ በሬ፣ አንድ ቀን የእኛ በሬ ሲያርስ ነው ያደግነው። እሷ እዚያው ግራና ለገበሬ ተዳረች፣ እኔ ወልድያ መጣሁ። ብርቱካኑና ዘይቱኑ ሲደርስ በጭነት መኪና ተሳፍራ ወልድያ ገበያ ትመጣለች፤ ሳትሸጥ በፊት የእኔን ታስቀራለች። ለእሷ የሚሆን ድስት ነበረኝ፤ የክርስቲያን ሥጋ ገብቶበት የማያውቅ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ከፍ ብሎ የሚሰቀል። የጎረቤት ሙስሊም ያረደውን ሥጋ አስመጥቼ በዚያ እሠራላታለሁ። ልጆቼ "የዘይነብ ድስት" ነው የሚሉት። ይመር ሲያገኛት "እንዴት ነው፣ የሐብሩ ዛፍ አሁንም ሰው ያስተኛል?" ይላታል። "አልሐምዱሊላህ ጋሼ፣ ያስተኛል። እርስዎም አንድ ቀን መጥተው ይተኙ፣ ይኸው ቅንድብዎ ሳይቀር ሸብቷል" ትለዋለች። ሳቋ እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ዓመቱ ስንት ነበር እያሉ ይጠይቁኛል፤ ዓመቱን የተማሩት ይጻፉት፣ እኔ የማውቀው በልብሶቹ ነው። የገጠር ሰው ለመስቀል ወይም ለዒድ ልብስ ሲያሰፋ ጨርቁን ቀደም አድርጎ ይሰጣል፣ ለበዓሉ ዋዜማ መጥቶ ይወስዳል። ያን ዓመት በዓሉ መጣ፣ ባለልብሶቹ ቀሩ። ይመር መስቀያው ላይ በተርታ የተሰቀሉትን ልብሶች አቧራ ሲይዛቸው እንደገና ይተኩሳቸው ጀመር። "ይመጣሉ፣ መንገድ ይዟቸው ነው" ይላል። ሁሉንም በሰውነታቸው ያውቃቸዋል። "ይሄ የሊብሶ መንደሩ ሰውዬ ነው፣ ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል። ይቺ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አስፍቼላታለሁ።" ሌላ በዓል መጣ። ልብሶቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ሱቋ ውስጥ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። ይመር አምባሰሉን ተወው። እኔም የሚመጣውን እያወቅኩ አፌን ዘጋሁ፤ የመርሳ ሴቶች ከአውቶቡሱ መስኮት ስር ከጠፉ ሰንብተው ነበርና።

ዘይነብ በእግሯ መጣች። ልጇን ሐዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ከሲታ ሆና፣ በሩ ላይ ስትቆም ያወቅኳት ዘግይቼ ነው። ባሏ ታሞ ከሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ጋር ግራና ቀርቶ ነበር። "እህል የሚሰጡ ሰዎች ወልድያ ይመጣሉ ተብሎ ነው የሺዬ፤ ተቀብዬ እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ" አለችኝ። ፍሬ ይዛ አልመጣችም። ባዶ እጇን በመምጣቷ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ድስቷን ከግድግዳው አወረድኩት፤ ሥጋ ግን የት ይገኛል፣ ሽሮ ሠራሁበት። እሷ ብቻ አይደለችም የመጣችው። በረንዳው፣ የሱቁ ደረጃ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ግንብ ጥግ ሁሉ ሰው ሆነ። የጎንደር በር ሰው እንደ ልማዱ ወጣና ተካፈለው። "ሦስቱን እኔ፣ አራቱን አንተ።" ይህ አውቶቡስ ግን አልተጠገነም። በየቀኑ ሌላ ሰው ይመጣል፣ የጎተራችንም ወለል መታየት ጀመረ። የአንድ ሰው ቁርስ ለአራት ሆነ፣ ከዚያ ለስድስት።

ከዚያ ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። እህሉ የት የት እንደሚወርድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ አገሩን በዓይናቸው አይተው ነው የሚወስኑት ተባለ። የጎንደር በር ሽማግሌዎች ጠጅ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው መከሩ፣ ጠጅ ግን አልነበረም። ጭንቃቸው ሌላ ነበር። ሰዎቹ ሲመጡ ወልድያ እንግዶቿን ቡትቶ አልብሳ በረንዳ ላይ አስጥታ ሊያዩ ነው። መርሳ ምን ትላለች? ደሴ ምን ትላለች? ይመር ከዚያ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ቁልፉን አንስቶ ወደ ሱቁ ሄደና ልብሶቹን በክንዱ ተሸክሞ መጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"ላለብሳቸው ነዋ። ባለቤቶቹ ሲመጡ ሌላ እሰፋላቸዋለሁ።"

"ይመር፣ ሰዎቹ የሚመጡት ረሃብ ሊያዩ ነው። ረሃቡን ቴትሮን ካለበስከው ምን ያያሉ?"

ቆጣ አለ። ይመር ቁጡ ሰው አልነበረም። "ሰው እኮ ናቸው የሺ! ትናንት እዚህች ሱቅ ውስጥ ቆመው ያስለኩኝ፣ ቁልፉን ዝቅ አድርገው ከፍ አድርገው እያሉ ያስቸገሩኝ ሰዎች ናቸው። እንደ ከብት ተራቁተው ይታዩ? መጀመሪያ ሰው መሆናቸውን ይዩ። መራባቸውን አፍ አላቸው፣ ይነግሯቸዋል።"

እውነቱን ነበር፤ በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ትክክል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ማታ ጨርቅ የሚያጥበው አጥቦ፣ ጠጉር የሚላጨው ላጭቶ ጎንደር በር የሰርግ ዋዜማ መሰለ። ቅማልና በሽታ ፈርተን አሮጌውን ልብሳቸውን ሁሉ አቃጠልነው። ዘይነብ ግን ከመስቀያው የወረደ ልብስ አልለብስም አለች። "የሰው ሐቅ ነው። ባለቤቷ ብትመጣስ?" ብላት ብላት እምቢ አለች። የራሷ ልብስ ደግሞ ተቃጥሏል። ስለዚህ የሰርግ ቀሚሴን ከሳጥኔ አወጣሁላት፤ ደረቱና ጫፉ በአረንጓዴና በቀይ ክር የተጠለፈ፣ ይመር ራሱ ሊያገባኝ ሲል ሌሊት ሌሊት የሰፋው። ለበሰችው። ሰፋባት፣ በመቀነት ሰብሰብ አደረግኩላት። "ማሻ አላህ፣ ዳግመኛ ተዳርኩ እኮ" ብላ ሳቀች። ሳቋ ከበሩ አላለፈም።

ሰዎቹ በማግስቱ መጡ። መኪኖቻቸው በአቧራ ነጭተው ነበር፤ ከወረዱት ሁሉ ይልቅ ንጹሕ የለበሱት የእኛ እንግዶች ነበሩ። መነጽር ያደረገው አለቃቸው ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ ነው ብዬ ላማው አልችልም። እየዞረ ጨበጣቸው። የተቀመጡት ተነሱለት፤ ለመነሳት ግድግዳውን መደገፋቸውን አላየም፣ መነሳታቸውን ግን አየ። ካሜራ የያዘው ሰው ፎቶ አነሳ። በረንዳችን ላይ ሲደርስ ዘይነብ ፊት ቆመ። እኔና ይመር ከኋላዋ በራችን ላይ ነበርን።

"እናቴ፣ ተርባችኋል?" አላት።

ዘይነብ ዞር ብላ እኛን አየችን። ያን አስተያየት ዛሬም አየዋለሁ። ያን ጠዋት ያበላኋት የመጨረሻውን ሽሮ መሆኑን ታውቃለች፤ ልጆቼ ሳይበሉ መዋላቸውን ታውቃለች። የቤቱ ባለቤቶች ፊት፣ የሰርግ ቀሚሳቸውን ለብሳ፣ ምን ትበል? ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ጠግበናል። አላህ ለእነሱ ይስጥልን፣ ምንም አላጎደሉብንም።"

የአገሬ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ፊቷን ያይ ነበር። ጉንጯን፣ የአንገቷን ጅማት አይቶ "በሞቴ" ይል ነበር። ሰውየው የሰማው አፏን ነው። ደስ አለው፣ ምስኪን፣ ከስንት መከራ በኋላ አንድ ደህና ነገር በመስማቱ እፎይ ሲል አየሁት። ይመርን ጨበጠውና "ከተማችሁ የምትኮሩባት ናት" አለው። የይመር አፍ ተከፈተ። እንግዳዬ ውሸቷን ነው ይበለው? እኔ ያበላኋት አልጠገበችም ይበለው? "እግዜር ይስጥልን" አለው። ሌሎቹም ሲጠየቁ እንደዚያው አሉ፤ አንዱ ሽማግሌማ ሰዎቹን ቤት ያፈራውን ካልበላችሁ ብሎ ያስቸግራቸው ነበር።

እህሉን የጫኑ መኪኖች ከዚያ በኋላ መጡ። ሸራ ለብሰው፣ እየከበዳቸው ዳገቱን ወጡና በጎንደር በር መካከል አለፉ። ሕዝቡ ቆሞ አያቸው። ይመር የመለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ የአንዱን መኪና በር ያዘ። "ኧረ ቁም፣ እዚህ ነው እኮ!" ሹፌሩ የሚያውቀው ሰው ነበር፣ ሱሪ የሰፋለት። "ጋሼ፣ ይሄ ለሌላ ቦታ ነው። የወልድያ ሰው ደህና ነው ተብሏል፣ ኋላ ይታሰብላችኋል" አለው። ኋላም ታሰበልን፤ ውሸት አልናገርም፣ እህሉ ኋላ መጣ። እስከዚያ ድረስ ግን ከበረንዳው ላይ በይመር ልብስ እየጠቀለልን የወሰድናቸውን ሰዎች አልቆጥርም። ጎንደር በር ላይ አውቶቡስ መቆሙን ተወ፤ መንገደኛው ምሳ መብላት አልሆንልህ አለው።

ዘይነብ መኪኖቹ ያለፉ ዕለት ልሂድ አለች። ባሏና ልጆቿ እየጠበቋት ነው። ከየቤቱ ለምነን አንድ ቋጠሮ ዱቄት አገኘንላት፤ ሐዋን እኔ ጋ ተወቻት። ቀሚሱን ልታወልቅ ስትል የምትለውጠው አልነበረም። "ለብሰሽው ሂጂ፣ ፍሬው የደረሰ ጊዜ ትመልሽልኛለሽ" አልኳት። ሐዋን ሳመቻት። "እናትሽን እንዳታስቸግሪ" አለቻት፤ እናትሽ ያለችው እኔን ነው። እስከ ጥቁር ውሃ ሸኘኋት። አረንጓዴና ቀዩ ጥልፍ በዚያ በደረቀ አገር መካከል ከሩቅ ይታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ሹፌር የተቀደደ ሱሪውን ሊያሰፋ ይመር ሱቅ መጣ። እኔም ሐዋን ይዤ እዚያ ነበርኩ። ሱሪው እስኪጣፍለት ሽርጥ አገልድሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያወራል። "በመርሳ መንገድ ሲሪንቃን አለፍ ብሎ ከግራሩ ሥር አንዲት ሙሽራ የመሰለች ሴት ተቀምጣ አየሁ። ላነሳት ብዬ ነበር፣ ግን በጣም ደህና የለበሰች ናት፤ ሰርገኛ ናት፣ ሚዜዎቿን እየጠበቀች ነው ብዬ አለፍኳት። በማግስቱ ስመለስም እዚያው አለች።" የልብስ መኪናው ቆመ። ይመር ቀና ሳይል "ጥልፉ ምን ዓይነት ነበር?" አለው። "አረንጓዴና ቀይ ነው መሰለኝ" አለ ሰውየው።

በሹፌሩ መኪና ሄድን። ስንት ሰው አልፏታል፣ ስንት ሰው ከሩቅ ሰላም ብሏት ሄዷል። ጀርባዋን ለግራሩ ሰጥታ፣ ነጠላዋን በወግ አጣፍታ ተቀምጣ ነበር። ዱቄቱ ጭኗ ላይ ነው። ቋጠሮው እኔ እንዳሰርኩት ነው፣ አልተፈታም። የልጆቿ ነዋ፣ ከእሱ አንዲት ጭብጥ አልቀመሰችም። የሲሪንቃ ሙስሊሞች ወጥተው በወጉ ቀበሯት፤ ከፈኑን ይመር ከሱቁ ካመጣው አቡጀዲ ቀደደ። ያጠቧት ሴቶች ቀሚሱን አጣጥፈው ለእኔ መለሱልኝ። ይመር ዱቄቱን ተሸክሞ ግራና ድረስ በእግሩ ሄደ። ዱቄቱን ይዞ ተመለሰ። የሚቀበለው ሰው አላገኘም። የት ሄዱ ብሎ የሚጠይቀው ጎረቤትም አልነበረም።

ይመር ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ዘመኑ ተለወጠ፣ ሌላ ዘፈን መጣ፣ ሌላ ሰልፍ መጣ፣ ካኪ ስፋ ሲሉት ካኪ እየሰፋ ኑሮውን ገፋ። አምባሰል ግን አላንጎራጎረም። ሰዎች ተሰብስበው ስለ ወልድያ ሲኩራሩ፣ እንግዳ ተርቦ አያድርም ሲሉ ብድግ ብሎ ይወጣል። ወደ መርሳ ስንሄድ ብርቱካን ቢሰጡት አይቀምስም ነበር፤ እኔም የአገሬን ፍሬ እንደ ድሮው እንዲተርብልኝ፣ እንዲሰድብልኝ እመኝ ነበር። ቤታችን በነገር የምትሞቅ ቤት ነበረች፤ ቀዘቀዘች። ብዙ ጊዜ ተናድጄበት አውቃለሁ፣ ስለ ሐዘኑ ሳይሆን ሐዘኑን ለብቻው ስለያዘው። ዘይነብ የእኔ ነበረች እኮ።

ሐዋን ግን አብረን አሳደግናት። በእናቷ ድስት እየሠራሁ፣ ይመር እጇን ይዞ ቁርኣን ቤት እያደረሳት አደገች። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አስተማራት። "ሲርብሽ እርቦኛል በይ። ጮክ ብለሽ። ማንንም አትፈሪ።" እኛ ቤት ጠግቤያለሁ የሚባል ቃል ተከለከለ፤ የጠገበ ሰው እጁን ይታጠባል፣ በቃ። ጎረቤት ቤት ስንጠራ ያቺ ልጅ ባለቤቲቱን ቀና ብላ አይታ "አልጠገብኩም፣ ጨምሩልኝ" ትላለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ። "ምን ዓይነት ስድ ልጅ ነው ያሳደጋችሁት?" ይሉናል። "እኔ ነኝ ያስተማርኳት" ይላል ይመር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከተማው ልጅ ማሳደግ አይችሉም ብሎ አማን። ይማን።

ሐዋ ዛሬ መርሳ ናት፣ የልጅ ልጅ አይታለች። ግቢዋ ውስጥ ዘይቱን አላት፣ ማንጎ አላት፤ ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ ሌላው ያቆጠቁጣል። የሰርግ ቀሚሴን ስትዳር ሰጥቻታለሁ፤ ምን እንዳደረገችው ጠይቄያት አላውቅም። ትናንት ምሳ አቀረበችልኝ። እንደ ድሮው አይደለሁም፣ ጥርሴም ሆዴም ከድቶኛል፤ ትንሽ ቆራርሼ እጄን ሰበሰብኩ።

"ጠገቡ እማዬ?" አለችኝ።

"ጠግቤያለሁ፣ ተመስገን" አልኳት። እርጅና ነው መሰለኝ፣ ከአፌ በራሱ ወጣ።

ሐዋ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ፊቴን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "እማዬ፣ እኛ ቤት እንደዚህ አይባልም።"

"አልጠገብኩም" አልኳት። ጨመረችልኝ። በልቼ እስክጨርስ ድረስ ሁለታችንም ቀና ብለን አልተያየንም።